ያላለቀው ኢንሱሊን፦ ስኳር ያለባቸው ልጆችና የኮሮና ዓመት በሸሕዲ

በዚህ ገጽ ስለ ስኳር በሽታ ስጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው ስለ ምግብ፣ ስለ እግር ቁስል፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ዓይን ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ልጆች ነው፤ በተለይ ደግሞ በልጆቹ ውስጥ ስለሚመላለሰውና እኛ ስለማንጠይቀው ነገር። ትንሽ ረዘም ይላል። ቤታችሁ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ታሪኩን እንድጽፍ ልጁም እናቱም ፈቅደውልኛል፤ ስም አልጠራም፣ ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ሰኔ፣ እዚሁ ሸሕዲ ነው። አካባቢውን ለማታውቁ፣ ሸሕዲ (ገንዳ ውኃ የምትባለውም እሷው ናት) ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሰሊጥና የሙቀት አገር ናት። ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የ13 ዓመት ልጅ እናቱ ደግፋው በባጃጅ መጣ። ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። ሮጦ የመጣ ይመስላል እንጂ ከአልጋው ነው ያነሱት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሆዴን ይላል፣ ሁለት ቀን ሲያስመልሰው ቆይቷል። እናቱ ወባ መስሏት ነበር፤ መተማ ላይ ሁሉም ነገር መጀመሪያ ወባ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ሲገባ እኛ ቀድመን የምናስበው ኮሮናን ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ወደኋላ ፈቀቅ ብዬ ማስኬን ማስተካከል ነው። ከዚያ እናቱ «ስኳር አለበት» አለች። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ «ሃይ» ብሎ ቆመ። ማሽኑ ሊያነበው ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው። ሽንቱ ላይ ኪቶን ሞልቷል።

ይህ እኛ ዲኬኤ የምንለው ነው። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ካልታከመ ይገድላል። ፈሳሽና ኢንሱሊን ጀመርንለት። ሲነጋ ትንፋሹ ረጋ አለ፣ በሦስተኛው ቀን እንጀራ ጠየቀ።

እስከዚህ ድረስ ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚቆጨኝ።

እናቱ ኢንሱሊኑን በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር። «አላለቀም እኮ ዶክተር፣ ይኸው አለ» ብላ አሳየችኝ። ሦስት ጠርሙስ፤ ሁለቱ ክዳናቸው እንኳ አልተነካም። እኔ ያየሁት ፌስታሉን ብቻ ነው። የመተማ ቆላ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ እነሱ ቤት ፍሪጅ የለም፣ በቃ ኢንሱሊኑ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ልጁ አልጋ አጠገብ ቆሜ ስለ አቀማመጥ ረጅም ትምህርት ሰጠኋት። ትምህርት እንኳ አይባልም፣ ቁጣ ነው። «እናት፣ ይሄ እኮ ሽንኩርት አይደለም!» ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ዝም አለች። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሂሳቡን አልሠራሁትም። አንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ በድምሩ 1000 ዩኒት። ለልጁ የታዘዘለት ቅልቅል ኢንሱሊን የጠዋቱና የማታው ተደምሮ በቀን 30 ዩኒት ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ቢበዛ 33 ቀን ነው የሚሄደው። መድኃኒቱን የወሰዱት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ሦስተኛው ጠርሙስ መከፈት ነበረበት። ፊቴ የነበረው ግን አንድ የተጋመሰና ሁለት ያልተነካ ጠርሙስ ነው። መልሱ እጄ ላይ ነበር።

ነገሩ የገባት ሲስተር ናት። (ስሟን አልጠራም፤ ይህን ስታነብ እንደምትስቅብኝ ግን አውቃለሁ።) ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲላት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ስኳር አንድም ቃል አላነሳችም። «ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቀኑን በምን ታሳልፈዋለህ አንተ?» ነው ያለችው። መጀመሪያ ትከሻውን ሰበቀ። ቀጥሎ ስለ ኳስ አወሩ፤ ሊጉ በመሰረዙ በጣም ተናዷል። ቆይቶ ቆይቶ እንዲህ አላት፦

«ቴሌቪዥን ላይ ሁልጊዜ ስኳር ያለባቸው ይሞታሉ ይላሉ። ስወጋ ነው ትዝ የሚለኝ። ካልወጋሁ ግን የለብኝም።»

ምን መሰላችሁ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር እኔም እንደ ሌላው ባለሙያ በዚሁ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር። ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለከፋ ሕመምና ለሞት ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው፣ ይጠንቀቁ ብዬ። ውሸት አልጻፍኩም። ስጽፍ ዓይኔ ላይ የነበሩት ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። የ13 ዓመት ልጅም ያንን ዓረፍተ ነገር እንደሚሰማ፣ ሰምቶም ማታ ብቻውን እንደሚያብሰለስለው በፍጹም አልታየኝም።

ለልጆቹ ነገሩ የተለየ ነው። ዓይነት 1 ስኳር የሚባለው የራስ በሽታ ተከላካይ ኃይል ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው። ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። ኮሮና ራሱ አብዛኞቹን ልጆች ቀለል አድርጎ ነው ያለፋቸው። ለእነዚህ ልጆች ትልቁ አደጋ ከቫይረሱ ይልቅ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ መዘግየታቸው ሆነ። ጀርመን ውስጥ፣ የሕክምና እጥረት በሌለበት አገር፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ባሉት ሁለት ወራት ስኳር አዲስ ከተገኘባቸው ልጆች 44.7 በመቶው ዲኬኤ ውስጥ ገብተው ነው የመጡት። በቀደሙት ሁለት ዓመታት በዚያው ወቅት ከአራቱ አንዱ ገደማ ነበር። ወላጆች ሐኪም ቤት ፈሩ፣ ቆይ እንየው አሉ። ጀርመን እንዲህ ከሆነች የእኛን አስቡት።

ወደ ልጁ ልመለስ። እናቱ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቡና ትሸጣለች፣ አባቱ ክረምት ሲቃረብ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት በነበረበት ጊዜ ልጁ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ እናቱ ፊት ይወጋል፣ ቁርሱን በልቶ ይወጣል። አንድ ስለ ስኳሩ የሚያውቅ ጓደኛ አለው፤ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ከረሜላ የሚያቀብለው። በወር አንድ ቀን ደግሞ ክትትል ይመጣል። እንግዲህ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪኖች በግማሽ ሰው እንዲጭኑ ተባለ፣ ታሪፉ ናረ፣ መናኸሪያው ጭር አለ፣ የእናቱም ገቢ አብሮ ጭር አለ። እሷ ደንበኛ ፍለጋ ከወትሮው በፊት ገና ሳይነጋ መውጣት ጀመረች። ልጁ የሚነሳው አራት ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ እሱና መርፌው ብቻ ቀሩ። ማታ ስትመጣ «ወግተሃል?» ትለዋለች፣ «አዎ» ይላታል። በቃ።

እኛ ጤና ተቋም ውስጥ ያለነውስ? ታካሚ እንዳይመላለስ፣ እንዳይጨናነቅ ብለን ቋሚ ክትትል ላላቸው የሦስት ወር መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ጀመርን። ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ከሱዳን የሚመለሱ ወገኖች በመተማ ዮሐንስ በኩል እየገቡ ለይቶ ማቆያ ሲሞላ ከእኛም ባለሙያዎች ወደዚያ ተመደቡ። ታዲያ መድኃኒቱን ሰጥተን በወር አንዴ የምትደረገዋን ወሬ አስቀረናት። ለ70 ዓመት ሽማግሌ ይህ ላይከብድ ይችላል። ለልጅ ግን ያቺ ወሬ የሕክምናው ግማሽ ናት።

ለምን ግማሽ እንዳልኩ ላስረዳ። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ በየቀኑ መወጋት፣ መለካት፣ መብላት፣ አለመብላት፣ ስለ ዝቅታ መጨነቅ አለበት። ዕረፍት የለውም፤ በእንቁጣጣሽም በዒድም አይቀርም። በዚህ ላይ ሲጨነቅ ወይም ሲፈራ ሰውነቱ የሚያመነጨው ኮርቲሶልና አድሬናሊን ራሱ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። ከ12 ዓመት ጀምሮ ደግሞ የጉርምስና ሆርሞን ኢንሱሊኑን ይታገለዋል፤ ያው መጠን እየተወጋ ቁጥሩ ይወጣል። እኛ ደግሞ «ምን በልተህ ነው?» ብለን እንጮኻለን። የመደበትና የጭንቀት ሕመም በእነዚህ ልጆች ላይ ከእኩዮቻቸው በላይ እንደሚታይ በብዙ አገር ጥናት ተረጋግጧል። አይስፓድ የሚባለው ዓለም አቀፉ የልጆችና ወጣቶች የስኳር በሽታ ማኅበርም በ2018 መመሪያው የስነ ልቦና ክትትል እንደ ኢንሱሊኑ ሁሉ የመደበኛው ሕክምና አካል ይሁን ይላል። ሌላም ነገር አለ፦ ሕመም ሳይሆን መታከት። ልጁ አልደበተውም፣ ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ስኳሩ ብቻ ነው የሰለቸው። ብዙ ወላጅ ይህን ስንፍና ወይም ጥጋብ ይለዋል።

«ዶክተር፣ እዚህ የስነ ልቦና ባለሙያ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ከዚህ ጎንደር ድረስ መውጣት ነው። ግን ጎንደር ራሷ ያስተማረችን ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሚጥል በሽታን የመሰሉ ቋሚ ሕመሞችን ክትትል ከጎንደር ሆስፒታል አውጥተው በገጠር ጤና ጣቢያዎች፣ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ እንዲሰጥ አድርገዋል። ገበሬው ኢንሱሊን ፍለጋ ሁለት ቀን ከሚጓዝ፣ ነርሷ ቅርቡ ትሁን ነው ሐሳቡ። መንገድ ሲዘጋ የዚህ ጥቅም ይገባችኋል። እኛንም ያዳነችን ቅርብ የነበረችው ሲስተር ናት።

ያደረግነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እናቱን ይቅርታ ጠየቅኳት። (ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። እሷ ግን «ምን አለበት ልጄ፣ ልጄን አድነህልኝ» ብላ ይበልጥ አሳፈረችኝ።) ከዚያ የመርፌውን ሰዓት እሷ ቤት ካለችበት ሰዓት ጋር አገጣጠምነው፦ ጠዋት ሳትወጣ፣ ማታ ስትገባ። ቀስቅሳው፣ እሱ ራሱ ይወጋል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ከፈለገ ተመልሶ ይተኛል። «ወግተሃል?» የሚለውን ጥያቄ ከቤት አስወጣነው። አጠገቡ ቆሞ ማየትና መጠየቅ አንድ አይደሉም። ጥያቄው ልጁን ውሸት ያስተምረዋል፤ ማየት ግን «ብቻህን አይደለህም» ማለት ነው።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት፣ እኔ ወይም ሲስተር እንደውላለን። እናቱ ያላት ባትሪ መብራት ያለው ተራ ስልክ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። ደንባችን አንድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ስለ ቁጥር አናነሳም። ኳስ፣ ትምህርት፣ የጎረቤት ውሻ፣ የፈለገውን። ከዚያ «በዚህ ሳምንት ስለ ስኳርህ በጣም ያናደደህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንዴ ምን አለኝ መሰላችሁ? የሚኖሩት የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ ተከራዮቹ መርፌ ሲያዩ ሌላ በሽታ እንዳለበት ያወራሉ፣ ልጆቻቸውም አብረውት እንዳይበሉ ይከለክሏቸዋል። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ባሰ። ይህን እናቱ አታውቅም ነበር። በማግስቱ አከራይዋን ይዛ መጣችና ሲስተር በአምስት ደቂቃ አስረዳቻቸው፤ ስኳር አይተላለፍም፣ ኮሮናንም እሱ አላመጣው። ኔትዎርክ የጠፋባቸው ሳምንታት ነበሩ፣ ካርድም ከኪስ ነው። ደግነቱ በሳምንት አሥር ደቂቃ ብዙ አያስወጣም።

አሁን ወደ እናንተ ቤት። ልጃችሁ መወጋቱን እንደተወ እንዴት ታውቃላችሁ? ከሁሉ በፊት ጠርሙሱን ቁጠሩ፣ እኔ ያልሠራሁትን ሂሳብ ሥሩ። ማለቅ በነበረበት ቀን ካላለቀ አትቆጡ፣ ተቀመጡና አውሩ። መለኪያውም ይናገራል፤ ማሽኑ የያዘው ቁጥርና ደብተሩ ላይ የተጻፈው ካልተገጣጠመ ልጁ ቁጣ ፈርቶ ቆንጆ ቁጥር እየፈጠረ ነው። ቁጥር ደግሞ የፈተና ውጤት አይደለም። 280 ሲሆን «መጥፎ» አትበሉ፣ «ከፍ ብሏል፣ ምን እናድርግ?» በሉ። ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ ምግብ ደብቆ መብላት ወይም ጭራሽ መተው፣ ደስ ይለው የነበረ ነገር ማስጠላት ሁለት ሳምንት ካለፈው ዝም አትበሉ። ዕድሜው 12 ሞልቷል፣ ትልቅ ሰው ነው ብላችሁ መርፌውን ሙሉ በሙሉ አትልቀቁለት። መወጋት መቻልና ብቻውን መሸከም መቻል ይለያያሉ።

አንዱን ነገር ግን ለነገ አታሳድሩት። ልጁ «ብሞት ይሻላል»፣ «ባልኖር ኖሮ አታወጡም ነበር» የሚል ቃል ካወጣ፣ በቀልድም ይሁን፣ ያን ቀን ወደ ጤና ተቋም አምጡት። እስከዚያ ብቻውን አትተዉት፤ ኢንሱሊኑንም እናንተ ያዙት፣ መጠኑንም እናንተ ስጡት። በቀጥታ መጠየቅ ነገሩን ጭንቅላቱ ውስጥ አይከትበትም፤ ብዙ ልጅ ሲጠየቅ ይቀለዋል።

ሲታመም፣ ኮሮናም ይሁን ወባ፣ ባይበላም ኢንሱሊን አይቆምም። ይህን በትልቁ ያዙልኝ። በየሦስት አራት ሰዓቱ ለኩ፣ ውኃ ስጡት፤ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ አትጠብቁ። በተቃራኒው ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ከተንቀጠቀጠና ካላበው፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት።

ስለ ሙቀቱ ኮሜንት ላይ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ ልቅደም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በረዶ ግን እንዳይሠራ። ፍሪጅ ለሌለው የእኛ ሰው፣ ውኃ በያዘ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የገባ ሸክላ፣ ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ፣ ጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኬንያ ዳዳብ ባለው የስደተኞች ካምፕ ካለው ሙቀት ተነስቶ የተሠራ ጥናት ወጥቷል፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ከፍና ዝቅ የሚል ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን አቅሙን አላጣም። የእኛን 40 ዲግሪ አይሸፍንም፣ ለዚህ ነው ሸክላው የሚያስፈልገው። ግን ፍሪጅ የሌላትን እናት እንደ ጥፋተኛ ማየት እንዲቀር አድርጎኛል።

ደግሞ ስለ ጾም። ዐቢይ ጾምም ረመዳንም መተማ ላይ ጎረቤት ናቸው። ልጁ መጾም የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ ላለመለየት ነው፣ እንደ እልኸኝነት አትዩት። ኢንሱሊን አቁሞ መጾም ግን ዲኬኤ ነው። የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን አብራችሁ አናግሩ፤ እስካሁን ያገኘኋቸው ሁሉ ከእኔ ይበልጥ ቆፍጠን ብለው «ልጁ ይብላ» ነው ያሉት። ጸበልም የምትሄዱ ሂዱ፣ ኢንሱሊኑን ይዛችሁ።

ልጁስ? ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ደህና ነው ማለት እችላለሁ፣ ፍጹም ነው ግን አልልም። በ2013 ጥር ላይ ሁለት ቀን ዘሏል። ልዩነቱ ይህን የነገረኝ ራሱ መሆኑ ነው፤ ረቡዕ ስደውል፣ ገና ሰላም ሳንባባል። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ ሊጉን እየመራ ስለነበር አምስቷ ደቂቃ አልበቃችንም።

በዚያው ዓመት አንድ ረቡዕ ደግሞ ስለ ክትባቱ ጠየቀኝ። «ዶክተር፣ ቴሌቪዥን ላይ ስኳር ያለባቸው ቅድሚያ አላቸው ሲሉ ሰማሁ። እኔን ነው?»

በዚያን ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንደማይሰጥ፣ መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው የገፋና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች እንደሆኑ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው ለአያቴ ልንገራት፣ እሷም አለባት» አለ። ልዘጋ ስል፦

«ዶክተር፣ ዛሬ ቁጥሬን አልጠየቁኝም እኮ።»

«ስንት ነው?»

«210። ግን ወግቻለሁ።»